አክተሩ የሌለበት የካውቦይ ፊልም

ኦክቶበር 7 ቀን 1969 ማክሰኞ ምሽት የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ዘ ኦቨር ዘ ሂል ጋንግ» የተባለ የካውቦይ ኮሜዲ አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ጀንበር ያዘቀዘቀችባቸው ጓዶች» እንደ ማለት ይሆናል። ፊልሙ ለሲኒማ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ለቴሌቪዥን የተሠራ፣ ማስታወቂያው ሲቀነስ ከአንድ ሰዓት ከሩብ የማይዘል፣ ታሪኩም በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተነግሮ የሚያልቅ ሥራ ነው። ታሪኩን ለመረዳት የማንም እርዳታ አያስፈልግም። ማብራሪያ የሚያሻው የተዋናዮቹ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ድርሰቱ ጊዜ አጥቶ ያልተናገረውን ታሪክ ሁሉ የሚናገሩት የተመረጡት ሰዎች ፊት፣ ድምፅና የኋላ ታሪክ ናቸው።

የፊልሙ ታሪክ ይህ ነው። የቴክሳስ ሬንጀሮች ከተባለው የግዛቲቱ ሕግ አስከባሪ ኃይል ጡረታ የወጣው ካፒቴን ኦረን ሄይስ ልጁንና አማቹን ሊጠይቅ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይሄዳል። አማቹ ጄፍ ሮዝ የጋዜጣ አዘጋጅ ሲሆን፣ በሙስና የተዘፈቀውን ከንቲባ በምርጫ ለመጣል ተነሥቷል። ከንቲባው ግን ሸሪፉንም ዳኛውንም በእጁ አስገብቷልና የወጣቱ ዕድል የመነመነ ነው። ይህን ያየው ካፒቴን ድሮ አብረውት የዘመቱትን ሦስት ሬንጀሮች ጠርቶ ያሰባስባል። ሰዎቹ ይመጣሉ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸውም እንደ ጥንቱ አይፈጥንም፤ ስለዚህ በሽጉጥ ያልሆነላቸውን በብልሃት ለመፈጸም ይገደዳሉ።

የካውቦይ ፊልም እያየ ያደገ ሰው «አክተሩ» ማን እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም። አክተሩ ቀጥ ብሎ የሚራመደው፣ ጥቂት የሚናገረው፣ ጥይት የማያገኘውና በመጨረሻ ብቻውን አደባባይ የሚቆመው ሰው ነው። ከእሱ ጎን ደግሞ ፈረሱን የሚይዝለት፣ በነገር የሚነካካው፣ ተመልካቹን የሚያስቀውና በክፉ ሰዓት ጀርባውን የሚጠብቅለት ሌላ ሰው አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሳይድኪክ» ይሉታል፤ እኛ «የአክተሩ ጓደኛ» ብንለው በደንብ ይገልጸዋል። የዚህን ፊልም ምሥጢር የሚከፍተው ቁልፍ ይህ ልዩነት ነው፤ አዘጋጆቹ ዕድሜ ልካቸውን የአክተሩ ጓደኛ ሆነው የኖሩ ተዋናዮችን ሰብስበው፣ በመካከላቸው ግን አክተር ሳያስገቡ ፊልሙን ለእነሱ ብቻ ሰጧቸው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የዘመኑን የቴሌቪዥን ገበያ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች የሲኒማ ፊልሞችን እየገዙ ማሳየት ትልቅ ተመልካች እንደሚያመጣ ተገንዝበው ነበር። ኤቢሲ በ1966 በክዋይ ወንዝ ድልድይ ላይ የሚያጠነጥነውን ታላቁን የጦርነት ፊልም ሲያሳይ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደተመለከተው ተነግሯል። ይሁንና ሦስቱ ትልልቅ ጣቢያዎች (ኤቢሲ፣ ኤንቢሲና ሲቢኤስ) በተሻሙ ቁጥር የፊልሞቹ ዋጋ ናረ፣ ጥሩዎቹም ተሸጠው አለቁ። ያኔ ጣቢያዎቹ ፊልሙን ራሳቸው ማሠራት ጀመሩ። ኤንቢሲ በ1964 ቀዳሚ ሲሆን፣ ከሦስቱ ደካማ የነበረው ኤቢሲ ደግሞ በሴፕቴምበር 1969 በየሳምንቱ አንድ አዲስ የቴሌቪዥን ፊልም የማሳየት መርሐ ግብር ዘረጋ። የእኛ ፊልም በዚያ መርሐ ግብር በሦስተኛው ሳምንት የቀረበ ነው።

የመርሐ ግብሩ ቅርጽ በተዋናይ ምርጫው ላይ ያሳደረው ጫና ቀላል አይደለም። የተመደበው ጊዜ ማስታወቂያን ጨምሮ 90 ደቂቃ ነበር፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ለታሪኩ የሚተርፈው 75 ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩም በየመሃሉ ለማስታወቂያ ስለሚቋረጥ፣ ተመልካቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ዞሮ እንዳይቀር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የሲኒማ ዳይሬክተር ትኬት ቆርጦ የተቀመጠ ተመልካች ስላለው አንድን ገጸ ባሕርይ በሃያ ደቂቃ ቀስ ብሎ ማስተዋወቅ ይችላል፤ የቴሌቪዥኑ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ደቂቃ ቢያገኝ ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሠላሳ ዓመት ጓደኝነትን፣ የጦርነት ትዝታንና የእርጅናን ቁጭት በንግግር ማስረዳት አይቻልም። የሚቻለው ተመልካቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቀውን ሰው አምጥቶ ፊቱ ማቆም ነው።

ጊዜውም ለዚህ አመቺ ነበር። በ1959 ገደማ ወደ 30 የሚጠጉ የካውቦይ ተከታታይ ድራማዎች በምሽት ፕሮግራም ይታዩ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አብዛኞቹ ተቋርጠው እንደ «ጋንስሞክ» እና «ቦናንዛ» ያሉ ጥቂቶች ብቻ ቀርተው ነበር። በዚያ ላይ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ሲገደሉ በቴሌቪዥን ስለሚታየው ግድያ ከባድ ወቀሳ ተነሥቶ፣ ጣቢያዎቹ የተኩስ ትዕይንቶችን ለመቀነስ ተገደዱ። መተኮስ ያቃታቸው ተኳሾች ታሪክ ለዚህ ሁኔታ የሚስማማ መላ ነበር፤ ሽጉጡ አለ፣ ግርማው አለ፣ ደሙ ግን የለም። ያረጀው ካውቦይ በዚያው ዓመት በሲኒማውም ጎልቶ የወጣ ሰው ነው። ጆን ዌይን ብቸኛ ኦስካሩን ያገኘው በ1969 አንድ ዓይኑ የታሰረ፣ መጠጥ ያጎበጠው ሽማግሌ ማርሻል ሆኖ በሠራበት ፊልም ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ከሁሉም በፊት የሚነሣው ዋልተር ብሬናን ነው። ናሽ ክሮፎርድ የተባለውን ሬንጀር የተጫወተው ብሬናን በወቅቱ 75 ዓመቱ ሲሆን፣ የምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ኦስካርን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለመና በአጠቃላይም በ1936፣ በ1938 እና በ1940 በሠራቸው ፊልሞች ሦስት ጊዜ የወሰደ ሰው ነው። የሚገርመው ግን ሽማግሌ ለመምሰል እርጅናን ያልጠበቀ መሆኑ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቀረጻ ላይ በደረሰበት አደጋ የፊት ጥርሶቹን አጥቶ አርቴፊሻል ጥርስ ያደርግ ነበር። ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስ ዕድሜ ልኩን ሲተርከው እንደኖረው፣ ብሬናን ለአንድ ሚና ሊታይ በቀረበ ጊዜ «በእሱ ላድርገው ወይስ ያለ እሱ?» ብሎ ጠየቀው። ሆክስ ነገሩ ግራ ገብቶት «ያለ ምን?» ሲለው «ያለ ጥርስ» አለው። ጥርሱን ሲያወልቅ ጉንጩ ይጎደጉዳል፣ አገጩ ወደ አፍንጫው ይጠጋል፣ ድምፁም ይንኮሻኮሻል፤ የአርባ ዓመቱ ሰው በአንድ አፍታ ሰባ ይሞላዋል። የአሜሪካ ተመልካች እንግዲህ ይህን ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል ሽማግሌ ሆኖ ሲያየው ኖሮ፣ በ1969 በእውነት ሽማግሌ ሆኖ አገኘው።

የብሬናን መመረጥ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች ዳኒ ቶማስና አሮን ስፔሊንግ ነበሩ፤ የዳኒ ቶማስ ኩባንያ ደግሞ ከ1957 ጀምሮ ብሬናን የገበሬ ቤተሰብ አያት ሆኖ ከሠራበት ተወዳጅ ተከታታይ ኮሜዲ ጀርባ ነበር። ከዚያም ቶማስና ስፔሊንግ በጋራ ባቋቋሙት ኩባንያ ከ1967 እስከ 1969 በዚያው በኤቢሲ «ዘ ጋንስ ኦቭ ዊል ሶኔት» የተባለ የካውቦይ ተከታታይ ድራማ ሠርተውለታል። በዚያ ድራማ ብሬናን የጠፋ ልጁን ከልጅ ልጁ ጋር የሚፈልግ አያት ነው። ልጄ ፈጣን ተኳሽ ነው፣ የልጅ ልጄ ይበልጠዋል፣ እኔ ግን ሁለቱንም እበልጣለሁ ይልና «ጉራ አይደለም፤ እውነት ነው» ብሎ ይዘጋል፤ አባባሉም በሕዝቡ አፍ ገብቶ ነበር። ያ ድራማ በተቋረጠ በወራት ውስጥ ያው ሰው፣ በዚያው ጣቢያ፣ በእነዚያው ፕሮዲዩሰሮች፣ እጁ የዘገየበት ተኳሽ ሆኖ መጣ። ተመልካቹ እንዲስቅና እንዲያዝን የሚያደርገው ከዚህ በላይ ምን መግቢያ ሊጻፍ ይችላል?

ከብሬናን ቀጥሎ የመጡት ኤድጋር ቡካናንና ቺል ዊልስ ናቸው። ቡካናን ወደ ትወና ከመግባቱ በፊት የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ጥርስ በማውለቅ ከታወቀው ከብሬናን ጎን መሰለፉን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ፊልሙ በታየበት ወቅት ቡካናን በተፎካካሪው ሲቢኤስ ጣቢያ አንድ የገጠር ኮሜዲ ውስጥ አጎት ጆ የተባለውን ሥራ ጠል ሽማግሌ ሆኖ በየሳምንቱ ይታይ ነበር። ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ ሌላም ጥልቅ ክር አለ። በቴክሳስ በእውነት የነበረውን፣ መጠጥ ቤቱን ችሎት ያደረገውን ዳኛ ሮይ ቢንን ብሬናን በ1940 በሲኒማ ተጫውቶ ሦስተኛውን ኦስካሩን አግኝቶበታል፤ ቡካናን ደግሞ በ1956 በቴሌቪዥን ተጫውቶታል። አንድን ታሪካዊ ሰው በየተራ የለበሱ ሁለት ሰዎች እዚህ ጎን ለጎን ይጋልባሉ። የቴክሳስ ተወላጁ ቺል ዊልስም በ1960 በአላሞ ምሽግ ላይ በተሠራው ፊልም ለኦስካር የታጨ ሲሆን፣ ድምፁን ግን ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቀው በ1950ዎቹ ተከታታይ ኮሜዲዎች ውስጥ ፍራንሲስ ለተባለው ተናጋሪ በቅሎ ድምፁን በማዋሱ ነው።

ስለ ድምፅ ከተነሣ አንዲ ዲቫይን ሊታለፍ አይችልም። በልጅነቱ አፉ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ድምፁ ለዘለቄታው ሻካራና ስንጥቅ ሆኖ ቀርቷል፤ በ1939 በታየው የጆን ፎርድ ፊልም «ስቴጅኮች» የሠረገላውን ፈረሶች የሚነዳው ወፍራም ሰው እሱ ነው፣ በ1950ዎቹም በቴሌቪዥን የዋይልድ ቢል ሂኮክ ጓደኛ ሆኖ ሕፃናት ሁሉ ያውቁት ነበር። በእኛ ፊልም ግን የከንቲባው ሰው የሆነውን ዳኛ እንዲጫወት ተደረገ። ይህ በጣም ብልህ የሆነ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ዲቫይንን ለመጥላት ከቶ ስለማይችል፣ ዳኛው ጥፋተኛ እንጂ ክፉ እንዳልሆነ አንድ ቃል ሳይነገር ይገባዋል። ፊልሙ የታየበት ዕለት ዲቫይን 64ኛ ዓመቱን የደፈነበት ልደቱም ነበር።

ክፋቱን በፊቱ ተሸክሞ የመጣው ጃክ ኢላም ነው። ሸሪፉን የተጫወተው ኢላም በልጅነቱ በእርሳስ ተወግቶ ግራ ዓይኑ ማየት አቁሟል፤ ዓይኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየተንከራተተ ስለሚቀር አብሮት የቆመ ሰው የትኛው ዓይን እንደሚያየው አያውቅም። ከዚህ ፊልም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1968 ሰርጂዮ ሌዎኔ ባዘጋጀው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» የተባለ ትልቅ የካውቦይ ፊልም መክፈቻ ላይ፣ በባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ፊቱ ላይ የምትሄድን ዝንብ በትዕግሥት ሲጠብቅ ቆይቶ በሽጉጡ አፈ ሙዝ ውስጥ የሚያስገባት እሱ ነው። በ1969 ደግሞ በአንድ የሲኒማ ኮሜዲ ላይ ያንኑ ፊት ለሳቅ ሲያውለው ታይቷል። ስለዚህ ተመልካቹ ሸሪፉን ገና ሲያየው ሊፈራውም ሊስቅበትም ዝግጁ ነበር፤ ለካውቦይ ኮሜዲ የሚያስፈልገው ወንበዴ ደግሞ ልክ እንዲህ ያለው ነው።

ካፒቴኑን የተጫወተው ፓት ኦብራየን ከሌሎቹ ለየት ይላል። እሱ የካውቦይ ፊልም ሰው አልነበረም፤ በ1930ዎቹና በ1940 የከተማ ፊልሞች ቄስ፣ ጋዜጠኛና የአሜሪካ እግር ኳስ (በእጅ የሚያዘው) አሠልጣኝ እየሆነ የታወቀ፣ ሰውን በንግግሩ የሚያነሣሣ ተዋናይ ነው። ሲጠራ ሰው የሚመጣለት አለቃ ለሚያስፈልገው ሚና ከዚህ የተሻለ ድምፅ ማግኘት አይቻልም ነበር። በከተማዋ የምትገኘውን ካሲ የተባለች ሴት የተጫወተችው ጂፕሲ ሮዝ ሊ ደግሞ በመድረክ ጭፈራዋ አገር ያወቃት፣ የሕይወት ታሪኳም በ1959 በብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር የሆነላት ሴት ናት። በኤፕሪል 1970 በሳንባ ካንሰር ስላረፈች ይህ ከመጨረሻ ሥራዎቿ አንዱ ሆኖ ቀረ። ለእሷ የተሰጠው ቦታ ጠባብ መሆኑ ከፊልሙ ጉድለቶች ሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ነው፤ የአምስት ሽማግሌ ወንዶችን ዝና በዚህ ጥንቃቄ የተጠቀሙበት ሰዎች የእሷን ያህል ታሪክ ያላትን ሴት በጥቂት ትዕይንት አሳልፈዋታል።

ወጣቶቹም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አማቹን የተጫወተው ሪኪ ኔልሰን ከ1952 እስከ 1966 በታየው የቤተሰቡ ኮሜዲ ላይ በተመልካቹ ፊት ያደገ፣ በኋላም ዝነኛ ዘፋኝ የሆነ ልጅ ነው። ሚስቱን የተጫወተችው ክሪስቲን በ1963 ያገባት እውነተኛ ሚስቱ ናት፤ እሷም በዚያው የቤተሰብ ኮሜዲ ላይ ታይታለች። ባልና ሚስት መሆናቸውን ለማሳመን ፊልሙ አንድ ደቂቃ እንኳ ማጥፋት አላስፈለገውም። ከዚህ በላይ ግን ኔልሰንና ብሬናን የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1959 በታየው «ሪዮ ብራቮ» ብሬናን እስር ቤቱን የሚጠብቅ አንካሳ ሽማግሌ፣ ኔልሰን ደግሞ ወጣቱ ተኳሽ ነበር። በአንድ የማይረሳ ትዕይንት ጠላት ውጭ እየጠበቀ፣ እነሱ እስር ቤቱ ውስጥ ኔልሰን ከዲን ማርቲን ጋር ሲዘፍን፣ ብሬናን በአፉ ሃርሞኒካ ያጅባቸዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ወጣት ሽጉጡን ትቶ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው ሆኖ፣ ሽማግሌው ሊታደገው ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ትዕይንት ሲገናኙ ተመልካቹ የሚያስታውሰውን ነገር የጻፈ ደራሲ የለም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የመራው ዳይሬክተር ዣን ያርብሮ ሲሆን፣ እሱም በ1900 የተወለደ፣ በ1940ዎቹ የሁለቱን ቀልደኞች የአቦትና ኮስቴሎን ኮሜዲዎች ሲያዘጋጅ የኖረ አንጋፋ ነው። ከካሜራው ፊትም ከኋላውም የቆሙት ሰዎች በዕድሜ አቻ ነበሩ ማለት ነው። አሮን ስፔሊንግ ግን ገና በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ወጣቱን ተመልካች በደንብ የሚያውቅ ነጋዴ ነበር። በዚያ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30 ላይ በኤቢሲ የታየው «ዘ ሞድ ስኳድ» የተባለው የሦስት ወጣት ፖሊሶች ድራማም የእሱና የቶማስ ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የቀረቡት ወዲያው ተከትለው 2፡30 ላይ ነው። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሲያዩ ቆይተው ከተነሡ፣ አባትና አያት ሁለተኛውን ለማየት ይቀመጣሉ። ስፔሊንግ የተረሱ ኮከቦችን መልሶ የማምጣት ዘዴውን አልተወውም፤ ከ1977 ጀምሮ በታየው «ዘ ላቭ ቦት» በየሳምንቱ የድሮ ተዋናዮችን በመርከብ ተሳፋሪነት ሲያቀርብ ያደረገው ይህንኑ በሰፊው ነው።

ዘዴው ዋጋ የማያስከፍል አይደለም። በተዋናዩ ዝና የሚተማመን ድርሰት ገጸ ባሕርዩን ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርጎ አይጽፈውም። ብሬናንን ከዚያ በፊት አይቶ ለማያውቅ ሰው ናሽ ክሮፎርድ አንድ ደስ የሚል አዛውንት ብቻ ነው። ዛሬ ፊልሙን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ለምን እንደተወደደ የማይገባቸውም ለዚህ ይመስለኛል። የተጻፈው ለሚያውቃቸው ሕዝብ ነበር፤ ያ ሕዝብ ሲያልፍ የፊልሙ ግማሽ አብሮ ተሰወረ።

ተከታዩ ፊልም ኖቬምበር 17 ቀን 1970 ሲታይ ምርጫው ተለወጠ። ብሬናን፣ ቡካናን፣ ዊልስና ዲቫይን ተመለሱ፤ አዲስ የገባው ግን በ71 ዓመቱ ፍሬድ አስቴር ነበር። በሐርና በሲሊንደር ባርኔጣ ሲደንስ ዓለም ያወቀው ያ ሰው፣ በመጠጥ የወደቀና በድሮ ጓዶቹ ድጋፍ የሚነሣ ባልቲሞር ኪድ የተባለ ሬንጀር ሆኖ መጣ። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ እንደ አስቴር ያለ ሥጋው ሁሉ ሥርዓት የሆነን ሰው ተንገዳግዶ ማየት በራሱ ልብ ይነካል። ነገር ግን አስቴር የማንም የአክተር ጓደኛ ሆኖ አያውቅም፤ ኮከብ ነው። እሱ ሲገባ ታሪኩ ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይሰለፋል፣ አራቱ ሽማግሌዎችም ሳይወዱ ወደ ድሮ ሥራቸው ተመልሰው ፈረስ ያዥና አጃቢ ይሆናሉ። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ፊልም የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

ሁለቱን ለማየት ያሰበ ሰው ካለ ከእነሱ እንዳይጀምር እመክረዋለሁ። መጀመሪያ የ1939ኙን የጆን ፎርድ ፊልም አይቶ ሠረገላውን የሚነዳውን ዲቫይንን ይስማ፤ ቀጥሎ «ሪዮ ብራቮ»ን አይቶ እስር ቤቱ ውስጥ ሃርሞኒካ የሚነፋውን ብሬናንን ይመልከት፤ ከዚያ የጃክ ኢላምን ዝንብ። ሦስቱን ካየ በኋላ «ኦቨር ዘ ሂል ጋንግ»ን ሲከፍት፣ በ1969 በዚያ ማክሰኞ ምሽት ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠው አሜሪካዊ ያየውን ፊልም ያያል።